ባለ አልጋ መኪና ይዞ ብቻውን ለሚወጣ ጀማሪ፦ ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሩን አስነቅሎ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጀሪካን ማስገባት ጅማ ላይም ተጀምሯል። ፈረንጅ ሞተርሆም የሚለው ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ አባዱላ ወይም ዶልፊን ይሆናል። በጅማ መስመር ሚኒባስ ይዤ ስለኖርኩና አሁን የራሴ ባለ አልጋ መኪና ስላለኝ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልበል። አብዛኞቻችሁ የፈራችሁት የመኪናውን ትልቅነት ነው። እሱ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የእናንተ ችግር ረዳት የሌላችሁ መሆኑ ነው። "ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!" የሚል፣ ጎማ ስር ታኮ የሚያደርግ፣ በሩ መዘጋቱን የሚያይ፣ ሾፌሩ ማንጎላጀት ሲጀምር በወሬ የሚይዝ ሰው የለም። ሾፌርም ረዳትም እናንተው ናችሁ።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃዴ የአውቶሞቢል ነው። ወንበሮቹ ስለተነቀሉና ከእኔ ሌላ ሰው ስለማይጫን ይበቃኛል አይደል?

እንዲህ ብለህ አትነሳ። ትራፊክ የሚያየው ሊብሬውን ነው፤ ሊብሬው ላይ የተሳፋሪ መኪና ከሆነ ወንበሩን ስለነቀልክ ወረቀቱ አብሮ አልተቀየረም። አናጺ ከመጥራትህ በፊት ሊብሬህን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድና ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የትኛው መንጃ ፈቃድ እንደሚያስፈልግህና የውስጥ ለውጡ እንዴት እንደሚመዘገብ። ካልሆነ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ያንን ሁሉ ጣውላ አውልቅ ትባላለህ። ኢንሹራንሱም እንደዚያው ነው፤ የውሉ ላይ መኪናና የቆመው መኪና ካልተመሳሰሉ ክርክሩ የሚመጣው ከአደጋው በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የት ልለማመድ? ባጃጁ ያስፈራኛል።

እሁድ ማለዳ ስታዲየሙ አካባቢ ጀምሪ። ሐሙስ ቀን ሂርማታ ገበያ አጠገብ ድርሽ እንዳትዪ፣ ለእኔም ይከብደኛል። መዞርና ማቆም ሲገባሽ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጪ። ዳገቱ ላይ ቆሞ መነሳትን፣ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀንሶ መውረድን እዚያ ትማሪያለሽ። ቀጥሎ ሰርቦ ደርሰሽ ተመለሺ። ይህን ሁሉ በባዶ መኪና ግን አታድርጊው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አምስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ስትሞዪ አንድ ኩንታል ጫንሽ ማለት ነው። ፍሬኑ፣ ኩርባው፣ ዳገቱ ሁሉ ይለወጣል። የመንገድሽን ጭነት ጭነሽ ተለማመጂ።

ጥያቄ፦ ወደኋላ መንዳት አቃተኝ። ካሜራ ላስገጥም?

አስገጥም፣ ግን አትመንበት። በክረምት ጭቃ ሌንሱን ይሸፍነዋል፤ ደግሞ ከላይ ያለውን የዛፍ ቅርንጫፍና የተንጠለጠለ ሽቦ አያሳይህም። ረዳት የሌለው ሰው መላ አንድ ነው፦ መውረድ። አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ወርደህ ዙረህ እይ። የኋላ ጎማህ ቢበዛ እዚህ ይድረስ ባልክበት ቦታ በግራ ስፖኪዮ የሚታይህ ድንጋይ አስቀምጥ። ከዚያ ግባና መስኮትህን ዝቅ አድርገህ ሬዲዮ ዘግተህ በዝግታ ተመለስ። ግማሽ መንገድ ላይ ከተጠራጠርክ እንደገና ውረድ። የሚስቅብህ ይስቅ።

ወደፊት ስትሄድም የምትለየው ነገር አለ። አባዱላ ላይ የምትቀመጠው ከፊት ጎማው በላይ ነው። የቤት መኪና የለመደ ሰው ቶሎ ስለሚጠመዝዝ የኋላው ጎማ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ይወጣል። አፍንጫህ መታጠፊያውን ትንሽ ሲያልፍ ነው መሪ የሚጠመዘዘው። ከፍታውንም እወቅ፤ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ወደ 2.3 ሜትር ይጠጋል፣ ፖርቶመጋላና ሶላር ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጣል። ቁጥሩን ጽፈህ መሪው አጠገብ ለጥፍ። የሆቴል ግቢ በር ላይ የብረት ቅስት ስታይ ያኔ ይገባሃል።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ጊቤ ቁልቁለት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እንዴት ነው የሚወረደው?

ጥሩ፣ እንቅልፍ ይንሳህ። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ልምድ የሚጠይቀው ከአበልቲ እስከ ጊቤ ወንዝ ያለው መውረጃና ከወንዙ ወደ ወልቂጤ ያለው መውጫ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጊቤ ድልድዩ ጋ ወደ 1,100 ሜትር ትወርዳለህ። አየሩ ራሱ ይለወጣል፣ ሙቀቱ ፊትህን ይመታሃል።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንስ። ከጀመረ በኋላ ሳይሆን በፊት። ደንቡ የድሮ ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ ትተኸው አትውረድ፤ ወደ ሁለት ወይም ወደ ኤል አውርደው፣ ሞተሩ ይጩህ፣ ምንም አይሆንም። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ አድርገው የሚለቁትን አታዳምጥ፤ ያኔ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ሞተር ማጥፋትማ ከዚያም የባሰ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ስለሚሞት ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል።

ፍሬን ስትይዝ ጠበቅ አድርገህ ፍጥነቱን አውርድና ልቀቅ፤ የፍሬኑ ሸራ ይተንፍስ። እግርህን ሳታነሳ ለስለስ አድርገህ ይዘህ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ የሚነድ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ሽታው ከመጣ ቀጥሎ ያለው የፔዳሉ መላላት ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ የሳበው ግን 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እግርህ የሚጫነው እንፋሎቱን ይሆናል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ መኪናዋን እንደገዛህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ። ጋራዥ ላይ "ጎደሎውን ሞልቼልሃለሁ" የሚልህ መካኒክ አልቀየረልህም።

ፔዳሉ ከላላ፦ ደጋግመህ ርገጥ፣ ማርሹን አንድ በአንድ አውርድ፣ የእጅ ፍሬኑን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያልክ ሳብ፣ የአደጋ መብራትህን (አራቱንም ፍሬቻ) አብራ፣ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል ተጠጋ። ከኋላህ ሲኖትራክ እየጮኸብህ ከሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ጥግ ይዘህ አሳልፈው። እልህ አትጋባ።

መውጫው ላይ ሙቀት መለኪያውን እያየህ ውጣ፤ ከፍ ካለ ቆመህ ሞተሩን ሳታጠፋ አስተነፍሰው። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን አይከፈትም። ፊቱን የተቃጠለ ረዳት አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ መኪናው ውስጥ በከሰል ቡና ማፍላት ይቻላል? መስኮቱን ከፈት አደርገዋለሁ።

አይቻልም። ይሄን ጥያቄ የሚያነሳው ሰው ብዛት ያስደነግጠኛል፤ የቡና አገር ሰው ስለሆንን ጀበና ሳይዙ መውጣት እንደማይታሰብ ገብቶኛል። ጀበናውን ያዙ፣ ከሰሉን ግን ውጭ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም። ሰውን የሚጥለው ደሙ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ነው። የሚሰማችሁ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ይሄ ሁሉ የመንገድ ድካም ይመስላል፣ "ትንሽ ልተኛ" ያሰኛል። ቤት ውስጥ ከሆነ ሌላ ሰው ገብቶ ያገኛችኋል። ብቻውን የተኛ ሰው በር የሚከፍትለት የለም። መስኮት ከፈት ማድረግ በሚኒባስ ጥበት አይበቃም። አመድ የለበሰው ፍምም ያው ነው፤ "ሊጠፋ ነው፣ ለሙቀት ላስገባው" ብሎ ማስገባት ዋናው ገዳይ እሱ ነው።

ማድረግ ያለባችሁ፦ ምድጃውን ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋሱ ወደ በሩ በማይነፍስበት በኩል አፍሉ። ሲያበቃ ፍሙን በውሃ አጥፉ፣ እዚያው ተዉት። ዝናብ ከሆነ ሸራ ወጥሩ። የሲሊንደር ጋዝ የምትጠቀሙም ብትሆኑ በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ለማሞቂያ ሳይሆን ለማብሰያ ብቻ። ሲሊንደሩ ቁሞ በቀበቶ ይታሰር፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ቫልቩ ይዘጋ። ይሄ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የጣሪያ ቀዳዳ አያስወጣውም፣ ወለሉ አጠገብ መተንፈሻ ያስፈልጋል። የሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል የሚያመጣላችሁ ዘመድ ውጭ ካለ ከሽቶና ከጫማ በፊት እሱን አስመጡ።

ጥያቄ፦ የት ነው የሚታደረው? ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ።

መንገድ ዳር አይታደርም፤ ወንድም ብትሆኚ መልሴ ይሄው ነው። ዘበኛ ያለው የሆቴል ግቢ ውስጥ ግቢና አልጋ ሳትከራዪ ለማቆሚያና ለመታጠቢያ ተደራደሪ፤ እራት እዚያው ከበላሽ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ለዘበኛው ሲመሽ ግማሹን፣ ሲነጋ ግማሹን ስጪ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማረፊያሽ መታወቅ አለበት፣ 11 ሰዓት ላይ መቆም። በጨለማ መንገዱ ላይ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከብት፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ። አፍንጫሽን ወደ መውጫው አድርገሽ አቁሚ፣ ቁልፉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ከአልጋ ወደ መሪ ሳትወርጂ የሚያሻግር ቀዳዳ ካልተሠራልሽ አናጺውን መልሰሽ ጥሪው። ጠዋት ከመነሳትሽ በፊት መናኸሪያ ሄደሽ ከዚያ መስመር የገቡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ጠይቂ። ትኩስ ወሬ ያለው እነሱ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤትስ?

ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ፣ ወፍራም ላስቲክ፣ ሰጋቱራ። ጅማ ላይ ሰጋቱራ ከአናጺ ቤት በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ፣ ላፕቶፕና መብራት በአንድ ባትሪ ይሠራሉ?

አስላው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የተለመደው የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ሳይጎዳ የምትጠቀመው ግማሹን ነው፣ 600። ትንሽ ፍሪጅ 45 ዋት ስቦ የቀኑን ግማሽ ቢሠራ 540 በላ። ለላፕቶፑ ምን ቀረ? ፍሪጁን ተወው፤ ለሦስት ቀን መንገድ ቆሎ፣ ዳቦና ሽሮ አይበላሹም። ለመብራትና ለላፕቶፕ የምትጠቀምበት ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ ይለይ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። ጠዋት መኪናው አልነሳ ሲል የሚገፋ ረዳት የለህምና።

ጥያቄ፦ ሾፌሮች ጫት ካልያዝክ ጅማ መስመር አይነዳም ይላሉ።

ብዙዎቹ ጓደኞቼ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ጫት ድካሙን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ምርቃናው ሲወርድ የተደበቀው ሁሉ በአንዴ ይመጣል፣ ያውም ኩርባ ላይ። አንተ ደግሞ እነሱ የሌላቸው ነገር ከኋላህ አለ፦ አልጋ። ዓይንህ ከከበደህ ሰው ያለበት ቦታ አቁም፣ ሃያ ደቂቃ ተኛ። ሳይከብድህም በየሁለት ሰዓቱ ቁም። ስትወርድ ጎማዎቹን በእጅህ መዳፍ ንካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ወይ ንፋሱ ጎድሏል ወይ ፍሬኑ ይዟል።

ጥያቄ፦ ልጄ ብቻዋን ቦንጋ ልትሄድ ነው። አባት ነኝ፣ ልከልክላት ወይስ ልተዋት?

ጋሼ፣ ይህን የሚወስኑት እርስዎና እርሷ ናችሁ። እኔ ብሆን ግን ሳልከለክል ፈተና እሰጣታለሁ። ግቢ ውስጥ አቁማ ስኮርታውን ራሷ ታውርድና ጎማ ትቀይር። አባዱላ ላይ ስኮርታው ከኋላ ከሥር ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ በብረት ዘንግ እየተዞረ ነው የሚወርደው። መኪናዋ ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ ያልተነካ ከሆነ ሰንሰለቱ በጭቃና በዝገት ይያዛል፣ ይሄን መንገድ ላይ ከማወቅ ቤት ማወቅ ይሻላል። በተቃራኒው ጎማ ሥር ታኮ ታድርግ፤ መኪናዋን በክሪክ ከማንሳቷ በፊት ብሎኖቹን ታላላቸው፤ እጇ ካልበረታ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አስገብታ በእግሯ ትጫነው። ጎማውንም እርስዎ ይዩላት። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው በኋላ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ጭነትና ሙቀት አይችልም። ይህን ሁሉ ያለ ሰው እገዛ ከጨረሰች ይመርቋት። ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጫካው አካባቢ ጠዋት ጉም ስላለ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት አትነሳ ይበሏት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጉዞ ወዴት ቢሆን ይሻላል?

አጋሮ። ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ የረሳችሁትን ነገር ለማወቅ ይበቃል፣ ለመመለስም አይርቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ዝናብ አሳልፉት። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ስለሚለቀም የጭነት መኪና ይበዛል፣ ጠዋት ረፈድ አድርጋችሁ ውጡ። ናፍጣ ጅማ ላይ ሙሉ፣ ሰልፍ ስላለ ከአንድ ቀን በፊት። ክፍያው በስልክ ስለሆነ የስልካችሁ ባትሪና ሂሳቡ ውስጥ ያለው ብር ይታይ። አጋሮ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ያልተጠቀማችሁበትን ዕቃ ሁሉ ስትመለሱ ከመኪናው አውርዱት። ግማሹ ይወርዳል።