ድንጋዩ ሳይቆረጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ለአዲሱ ኩሽናችን ግራናይት አዘናል። ቆራጩ «የሲንኩን ልክ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ እቆርጣለሁ» ይለናል። እኔ ባለ ሁለት ገንዳ ሲንክ አምሮኛል። ቧንቧውም አፉ እንደ ሻወር ተስቦ የሚወጣው ቢሆን ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ጥቁሩን ሲንክ ይላል፤ ያውም ከድንጋዩ ሥር የሚለጠፈውን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለቆራጩ ደውዪና ቅዳሜን ይተወው። ልክ በስልክ አይነገርም። ሲንኩም ቧንቧውም ተገዝተው ከነካርቶናቸው ፊቱ ይቀመጡለት። ጠቦ የተቆረጠ ድንጋይ ይሰፋል፤ ሰፍቶ የተቆረጠ ግን መላ የለውም።

ሲንኩን ለመምረጥ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ሜትር ይዘሽ ማጀት ግቢ። ለፋሲካ ዶሮ የምትሠሪበትን ትልቁን ድስት ለኪው። ቡሃቃውንም ለኪ። ባለ ሁለት ገንዳ ሲንክ ርዝመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ አንዱ ገንዳ ከ35 ብዙም አይበልጥም። 40 ሴንቲ የሆነ ድስት አይገባበትም። ከዚያ ድስቱ ደጅ ወጥቶ ሳፋ ላይ ይታጠባል። ታዲያ ያ ሁሉ ወጪ ለምን ወጣ? እኔ ብሆን 70 ወይም 75 ሴንቲ ርዝመት፣ ከ20 በላይ ጥልቀት ያለው አንድ ሰፊ ገንዳ እገዛለሁ። ማለቅለቂያውን ሳፋ እዚያው ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ።

ጥቁሩ ሲንክ የተፈጨ ድንጋይና ሙጫ ነው። ያምራል፣ ጭረትም ይችላል። ሙቀጫ ከወደቀበት ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። የደረቀ ውሃ ነጭ ጠባሳም ቶሎ ይታይበታል። ለእናንተ ቤት ስቲል እመርጣለሁ። 304 የሚል ቁጥር ያለበትን፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሞላውን ፈልጊ። መሃሉ ላይ ማግኔት አጥብቆ ከያዘ ተይው።

ከሥር የሚለጠፈውን በተመለከተ ባለቤትሽን ባላስቀይም ደስ ይለኛል። ለመጥረግ ይመቻል፤ ፍርፋሪው በቀጥታ ወደ ገንዳው ይገባል። ነገር ግን በሲልኮን ብቻ ተለጥፎ የቀረ፣ ውሃና ድስት ሲሞላበት የወረደ ሲንክ በእጄ አንስቻለሁ። ከሥሩ የብረት ድጋፍ ካልተሠራለት አልስማማም። ከላይ የሚቀመጠው ክብደቱ ድንጋዩ ላይ ያርፋል፤ ሲያረጅም ድንጋዩ ሳይነካ ይቀየራል። ሲልኮኑ ደግሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አይሁን። ድንጋይ ያበላሻል።

አሁን ወደ ቧንቧው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታው ብቻ ነው። ግፊት የሚለካው በባር ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። የእናንተ ሮቶ ከቧንቧው አፍ 3 ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ማለት ነው። ተስቦ የሚወጣው ቧንቧ ውስጡ ቀጭን ጎማ ነው፣ አፉም ወንፊት አለው። ብዙዎቹ ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ 1 ባር የሚሉም አሉ። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ደብረ ሲና ለእህቴ ይህንኑ ገጥሜላት ነበር። አንድ ማሰሮ ለመሙላት ቆማ ትጠብቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ፈትቼ ቀየርኩላት። ያወጣችው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፓምፕ የማትገጥሙ ከሆነ አንገቱ ረጅም፣ የሚዞር፣ ውስጡ ሰፊ የሆነውን ቀለል ያለ ሚክሰር፣ ማለትም ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቧንቧ ውሰጂ። ከአፉ እስከ ገንዳው ወለል ጀሪካንሽ ቆሞ መግባቱን ለኪ። በፈረቃው ቀን ታመሰግኚኛለሽ። የሚክሰር ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቢሆንም ቆራጩ ዕቃውን አይቶ ይብሳ።

ቦይለር አሁን ባይኖራችሁም የሙቅ ውሃ መስመር ግድግዳው ሳይለሰን ይግባ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውሃው እጅ ይቆርጣል፤ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ያውቀዋል። ሙቁም ቀዝቃዛውም ከሮቶው ይምጡ። አንዱ ከመንገድ መስመር፣ ሌላው ከሮቶ ከሆነ ግፊታቸው ስለማይመጣጠን ውሃው አይቀላቀልልሽም።

ከሲንኩ ሥር ለሁለቱም መስመር መዝጊያ አስገጥሚ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት በየጊዜው ፍቺና እጠቢያት። ውሃው ሲቀጥን መጀመሪያ እሷን እይ።