«መድረክ አውጥተው ሊለምኑባት ነው»

ጥያቄ፦ የ19 ዓመቷ ታናሽ እህቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። የሰፈራችን ወጣት ማዕከል አካል ጉዳተኞችንም ያካተተ የዳንስ ቡድን ሊጀምር ነው ሲባል «ልመዝገብ» አለች። እማዬ ግን «መድረክ አውጥተው ሊለምኑባት ነው» ብላ ከለከለቻት። እኔ መሃል ቤት ተቸግሬያለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ወንድሟ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስንቱን አይተናል! ልጆቹ መጨረሻ ላይ ይወጣሉ፤ አዳራሹ ከንፈሩን ይመጣል፤ ከዚያ የእርዳታ ሳጥን ይዞራል። ምን እንደሠሩ የሚያስታውስ የለም። እኔ እንደዚህ ዓይነት ዝግጅት ላይ ቢጠሩኝም አልሄድም።

ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በ1990ዎቹ አዱኛ የሚባል የዳንስ ቡድን ተመሥርቶ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አባላቱ ጎዳና ላይ የኖሩ ልጆች ነበሩ። በኋላ እንግሊዛዊው አዳም ቤንጃሚን መጥቶ ከአካል ጉዳተኞች ጋር አብሮ መደነስን አሠለጠናቸው። ይህ ሰው ከሴሌስት ዳንዴከር ጋር በ1991 ካንዶኮ የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን ያቋቋመ ነው። ሴሌስት በ1973 መድረክ ላይ ስትደንስ ወድቃ አከርካሪዋ የተጎዳ ዳንሰኛ ናት፤ በካንዶኮ በዊልቸር ተመልሳ ደነሰች። የአዱኛ ነገር ይበልጥ ደስ የሚለኝ ግን፣ ሰው የሸሻቸው ልጆች በኋላ አስተማሪ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ትርኢቱን አትጠብቅ። እናትህንም ይዘህ ልምምዱን ሂድና እይ። አንዱ ሳይጠይቃት ዊልቸሯን ይዞ ካዞራት፣ እዚያው ንገራቸው። ደህና አሠልጣኝ መጀመሪያ ፍሬኑን ያያል። አብሯት የሚሠራው ልጅ ክብደቱን ሲጥልባት ጎማው ካልታሰረ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ስትዞር ደግሞ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ አንዱን ጎማ ይዛ ሌላውን ትገፋለች። ይህን ከሙዚቃው ቆጠራ ጋር ማስማማት ቀላል ሥራ አይደለም። ወለሉንም ተመልከት፤ የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች ስንጥቅ ውስጥ ይሰነቀራሉ። መዳፏም መላጡ አይቀርም፤ ጣቱ ክፍት የሆነ ጓንት ግዛላት።

መጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸር ያስገባል? የኮንትራት ባጃጁን ማን ይከፍላል? ብዙ ሰው ዳንሱን ሳይሆን እነዚህን ሲያጣ ነው የሚቀረው። ስትጠይቅ ደግሞ አትሽኮርመም። ኢትዮጵያ በፈረንጅ 2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 30፣ ተሰጥኦዋን የማዳበር ዕድል እንድታገኝ ይደነግጋል፤ ለራሷ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡም እንዲበለጽግበት። ማዕከሉ ውለታ እየዋለላት አይደለም።

እናትህ ልምምዱን አይተውም እምቢ ካሉ፣ ምን እንዳላማራቸው ጠይቃቸው፤ ምናልባት አንተ ያላየኸውን አይተው ይሆናል። መወሰኑን ግን ለእህትህ ተውላት፣ 19 ዓመቷ ነው። ካልተመቻት ትተወዋለች። ጓንቱን ብቻ አትጣለው፤ ዳገት ላይ ይጠቅማታል።