የጓደኛዬን ፊልም ኤዲት ላድርግ?

ከሎስ አንጀለስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። የፊልም ትምህርትሽን ለመጨረስ አንድ መንፈቅ ቀርቶሻል፤ ሙያሽ ኤዲቲንግ ነው። ወላጆቹ ከኤልሳልቫዶር የመጡ የክፍል ጓደኛሽ የመመረቂያ አጭር ፊልሙን ኤዲት እንድታደርጊለት ጠይቆሻል። ታሪኩ ወንድ የሚወድ ወጣትና በመኪና ላይ ፑፑሳ የሚባለውን የተሞላ የበቆሎ ቂጣ እየጋገረ የሚሸጥ አባቱ ነው። የሚያስጨንቅሽ ሦስት ነገር ነው፤ ስፓኒሽሽ ደካማ ነው፣ ፊልሙ ስምሽ ላይ እንደ ማኅተም እንዳይቀር ትፈሪያለሽ፣ እናትሽ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አታውቂም። አንድ ቀን አዲስ አበባ ተመልሼ መሥራት እፈልጋለሁም ብለሻል።

ሥራውን ተቀበዪ። አሁን ወደ ምክንያቴ ልምጣ።

የምታተርፊው በፈራሽው በስፓኒሹ ላይ ነው። ኤልሳልቫዶራዊ ሰው ሌላውን የሚጠራበት ሦስት ቃል አለው፤ ለቅርብ ሰው ቮስ፣ መካከለኛው ቱ፣ ለአክብሮት ኡስቴድ። በብዙ ቤት አባት ልጁን ቮስ ይለዋል፣ ልጅ አባቱን ኡስቴድ። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ሦስቱንም በአንድ ቃል ይደፈጥጣቸዋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ኤዲተር ልዩነቱ ቢያልፈው አይፈረድበትም። አንቺ ግን አንተና አንቱ ተለይቶ በሚነገርበት ቤት ነው ያደግሽው። ልጅ በንዴት መሀል አባቱን ከአንቱ ወደ አንተ ሲያወርደው ቤቱ ውስጥ የሚወድቀውን ጸጥታ ታውቂዋለሽ። እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ ምስሉ የተናጋሪውን አፍ ያሳይ ወይስ የሰሚውን ፊት? ይህን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ገና አንድም ምስል ሳትነኪ፣ ንግግሩ በሙሉ መስመር በመስመር ተጽፎ የአክብሮት ደረጃው ምልክት ተደርጎበት እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ከጓደኛሽ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ስለ ማኅተሙ። ለኤዲተር ረዳትነት ስታመለክቺ ቀጣሪው ሥራሽን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የሚፈልገው መቼ እንደምትቆርጪና መቼ እንደምትታገሺ ነው። በማመልከቻሽ ላይ ስለ ብዝኃነት ያለሽን ፍቅር አትጻፊ፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በየሳምንቱ አነባለሁ፣ ከአንዱም የማስታውሰው ነገር የለም። ለምሳሌ ሃያ ሁለት ደቂቃ የነበረውን እንዴት ወደ አሥራ አራት እንዳወረድሽው ጻፊ። ማሳጠሩ ደግሞ የግድ ነው። ለኦስካር አጭር ፊልም እስከ 40 ደቂቃ ይፈቀዳል፤ ፌስቲቫሎች ግን በአንድ ትርዒት ውስጥ ብዙ አጫጭር ፊልሞችን ስለሚያሰልፉ ረጅሙ ቦታ ያጣል። ጓደኛሽ ገጸ ባህሪው ማንነቱን የሚያስረዳበት ረጅም ንግግር ቀርጾ ከሆነ መጀመሪያ የምትሞክሪው እሱን አውጥተሽ ማየት ነው። ይከፋዋል። ያለ እሱ የተቆረጠውን አሳዪው እንጂ አትከራከሪው።

እንዲህ ያለ ፊልም የሚያንኳኳው በር ሁለት ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እንዳለው እንደ ሳን ፍራንሲስኮው ፍሬምላይን ያሉት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ፌስቲቫሎች፣ ሌላው እንደ ራስሽ ከተማው የሎስ አንጀለስ የላቲኖ (የላቲን አሜሪካ ተወላጆች) ፌስቲቫል ያሉት። አጭር ፊልም ደግሞ አድጎ ረጅም ሊሆን ይችላል። ብራዚላዊው ዳንኤል ሪቤይሮ በ2010 ስለ አንድ ዓይነ ስውር ታዳጊና ክፍሉ ስለ ገባ አዲስ ልጅ አጭር ፊልም ሠራ፤ በ2014 ታሪኩን በእነዚያው ወጣት ተዋንያን ረጅም አድርጎት፣ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ፊልሞች የሚሰጠውን የቴዲ ሽልማት ወሰደ። ቺሊያዊው ኦማር ሱኒጋም በ2015 በአጭር ፊልም ቴዲን ካሸነፈ በኋላ በ2019 ያንኑ ታሪክ አስፍቶ ይዞ መጣ። ጓደኛሽ ረጅሙን የሚሠራበት ቀን ከመጣ ቀድሞ የሚደውለው ለማን ይመስልሻል?

አንድ የቃል ነገር አለ። በሥራ ታሪክሽ ላይ «ላቲንኤክስ» (ላቲኖን ጾታ ሳይለይ የሚጠራ ቃል) ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ጓደኛሽ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጠይቂው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ጥናት ቃሉን የሚጠቀሙት በአሜሪካ ካሉ ጎልማሳ ሂስፓኒኮች 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሐበሻ የሚለው ቃል ማንን ይጨምራል በሚል ስንት እራት ላይ እንደተጨቃጨቅን አስቢ። የእኛው አማርኛም ቢሆን ለጉዳዩ የለመደው ቃል ከነፍርዱ የመጣ ነው፤ ለእናትሽ ስትነግሪያቸው ቃሉን አስቀድመሽ ምረጪ።

እናትሽን በተመለከተ እኔ የሙያ አማካሪ ነኝ፤ ቤታችሁን አላውቅም። ስምሽ ግን የሙያ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ጾታ ወሲባዊ ድርጊት ነው፣ ስለ ፊልም ኤዲቲንግ አይደለም፤ የሰው አፍ ግን አንቀጽ አያነብም። ስጋትሽን ከንቱ ነው አልልሽም። በሙሉ ስምሽ ትወጪ ወይም በሙያ ስም፣ ውሳኔው የአንቺ ነው፤ ሁለቱም የተለመደ ነው። ብቻ ፊልሙ ለፌስቲቫል ከመላኩ በፊት ወስኚ፣ ምክንያቱም አንዴ መጽሔታቸው ላይና ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ ማስነሣት አድካሚ ነው። ስምሽ በምን መልክ እንደሚጻፍና ከፊልሙ የትኛውን ክፍል ለሥራ ማሳያሽ መጠቀም እንደምትችዪ በጽሑፍ ተስማሙ። ጥንቃቄው በፊልሙ ላይ ላሉት ሌሎች ሰዎችም ይሁን፤ ኤልሳልቫዶር ዘመድ ያላቸው ተዋንያን ሊኖሩ ይችላሉና ከቀረጻው ፎቶ ሳታስፈቅጂ አታውጪ።

መልስሽን አታዘግዪበት፤ ሌላ ሰው መፈለግ ካለበትም ጊዜ ያስፈልገዋል። ስትገናኙ ደግሞ መጀመሪያ ይህን ጠይቂው፦ ልጁ በፊልሙ ውስጥ አባቱን ቮስ የሚልበት ቦታ አለ?