ከአዳማ ወደ አዋሽ ገደል አፋፍ፦ ከፏፏቴው ሌላ ምን ይታያል?

ሰላም ለእናንተ። ቅዳሜ ከአዳማ ተነስታችሁ፣ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሎጅ አንድ ሌሊት ልታድሩ ነው። ሁለት ልጆችና አንዲት ቪትዝ ይዛችኋል፤ «ፏፏቴውን ካየን በኋላ ምን እንሠራለን?» ብላችሁ ጠይቃችኋል።

የሚታይ ሞልቷል፤ ግን እዚያ አገር የሚወስነው ሰዓት ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መተሐራ ስትደርሱ ወደ 1,000 ሜትር ትወርዳላችሁ፣ ሙቀቱ ደግሞ ይወጣል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አውሬው ሁሉ ጥላ ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ጎብኚ ከበሩ የሚገባው ያኔ ነው፤ ዓሣ በልቶ፣ ፏፏቴው ጋ ፎቶ ተነስቶ፣ «ፓርኩ ባዶ ነው» እያለ ይመለሳል።

መንገዱ በወለንጪቲና በመተሐራ አድርጎ እስከ ዋናው በር 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አጭር ቢመስልም የጅቡቲ ተሳቢዎች ስላሉበት ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት፤ በጨለማ ግን አትንዱት። መተሐራ አጠገብ መንገዱ በሰቃ ሐይቅን ያቋርጣል። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱንና የድሮውን የባቡር ሐዲድ እየዋጠ ስላስቸገረ ነው መሬቱ ተደልድሎ ከፍ የተደረገው። ከሐይቁ ዳር የምታዩት ጥቁር የድንጋይ ክምር ደግሞ ፈንታሌ ከተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ እግር ሥር እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ፈስሶ የረጋ ቅልጥ አለት ነው። ለማየት ከፈለጋችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፤ ዳር ይዞ መቆም እዚያ ላይ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ፓርኩ። ከበሩ እስከ ፏፏቴው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠጠር መንገድ ነው። በበጋ ቪትዝ ቀስ ብላ ትገባለች፤ ከዘነበ ግን ጭቃው ይይዛታል። ግራና ቀኝ የምታዩት ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል፤ ዋናው ሀብት እሱ ላይ ነው። ሳላ የተባለውን ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ (ኦሪክስ) የምታገኙት ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ ቀጥ ብሎ እንደ ጦር የረዘመ፤ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። በጎን ሲቆም ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ፤ ልጆቹን «ስንት ቀንድ አለው?» በሏቸው። ከመኪና አትውረዱ፤ መኪናን ይለምዳል፣ የቆመ ሰው ሲያይ ግን ይሸሻል። ሞተር አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። እዚያው የሜዳ ፍየል ታያላችሁ፤ ሰጎንና ኮሪ ባስተርድ የሚባለው፣ መብረር ከሚችሉ ወፎች ከባዶቹ አንዱ የሆነውም አይጠፋም። ቁጥቋጦው ውስጥ እንሹ (ትንሿ ዲክዲክ) ብቅ ካለች ቶሎ አትለፉ፤ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ ሁለተኛዋ ብዙ ጊዜ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። የአጋዘን ዘመድ የሆነው አምበራይሌ ወደ ወንዙ ባለው ጥቅጥቅ ያለ ግራር ውስጥ ነው፤ እሱን ለማየት ዕድል ያስፈልጋል። አንበሳ ለማየት ብላችሁ ከሆነ ግን አትልፉ፤ አለ፣ አይታይም።

ፏፏቴው ራሱ ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ነው፤ ጢስ ዓባይን አስባችሁ አትሂዱ። በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጭቃ ለብሶ በሙሉ ስፋቱ ይወርዳል። በበጋ ተከፋፍሎ በድንጋዩ መካከል ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፤ ምክንያቱም እናንተው አጠገብ ያለው የቆቃ ግድብ የክረምቱን ውሃ ይዞ ዓመቱን ሙሉ እየለቀቀ ስለሚያወርደው ነው። ወንጂና መተሐራ ሸንኮራውን አጠጥተው የተረፈው ነው እዚህ የሚደርሰው። ከዚህ በታች ወንዙ እስከ 150 ሜትር የሚጠልቅ ገደል ይገባል፤ በመጨረሻም ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከፏፏቴው ሥር ውሃው ጸጥ ብሎ ቢታይም አዞ አለበት፤ እግር መንከር እንኳ አይፈቀድላቸው። የገደሉ ጠርዝ ላይ አጥር የለም፣ ድንጋዩም የተሰነጣጠቀ ነው፤ ልጆቹን እጅ ለእጅ ይዛችሁ፣ ከጠርዙ ሦስት ሜትር ራቁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ዝንጀሮዎቹ ናቸው። ከፏፏቴው በላይ የሚኖረው አኑቢስ ነው፦ ጠጉሩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጭራው ከሥሩ ወደ ላይ ወጥቶ እንደተሰበረ እንጨት የሚታጠፍ። ከፏፏቴው በታች፣ ደረቁ ገደል ውስጥ ያለው ሃማድርያስ ነው፦ ወንዱ እንደ ካባ የወረደ ግራጫ ጎፈር አለው፣ ፊቱም መቀመጫውም ቀላ ያለ ነው። ሁለቱ እዚሁ ፏፏቴው አካባቢ ተገናኝተው ይዳቀላሉ፤ ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በላይ ይህን ቦታ የሚመላለሱት ለዚህ ነው። ስለዚህ ጎፈሩ ግማሽ፣ ፊቱ ጥቁር የሆነ ወንድ ካያችሁ ዓይናችሁ አልተሳሳተም። ጠባያቸውም ይለያያል፤ የሃማድርያስ ወንድ ሴቶቹን እየነዳ፣ የራቀችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳል፤ አኑቢስ ግን በትልቅ መንጋ ተደባልቆ ነው የሚኖረው። ሃማድርያስ የሚያድረው ገደሉ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከአፋፉ ሆናችሁ በርቀት መነጽር ወደ ታች ተመልከቱ፤ በየድንጋዩ እየተጣሉ ቦታ ሲይዙ ታያላችሁ። ሎጁ ውስጥ ደግሞ መስኮትና የመኪና በር ዝጉ። ሙዝ በእጅ ይዞ መዞር ዝንጀሮውን መጥራት ነው፤ አንድ ጊዜ የቀመሰ ዝንጀሮ ለሚቀጥለው እንግዳ ጠላት ይሆናል።

ፍልውሃው ቆንጆ ነው፤ ዘንባባ መካከል ውሃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ግን ከአውራ ጎዳናው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያንገጫግጭ መንገድ ስላለው በቪትዝ አትሞክሩት፤ ላንድክሩዘርና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይፈልጋል። አንዳንዱ ገንዳ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል፣ ለልጅ ቆዳ ከባድ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለው ደግሞ ለአዞም ይመቻል። ለልጆች ዋና ከሆነ የፈለጋችሁት ሶደሬ ይሻላችኋል፣ ደጃችሁ ነው።

ፈንታሌ ተራራ 2,007 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ ሰፊ የተደረመሰ አፍ አለው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ግን በፈንታሌና በሰሜን በኩል ባለው በዶፈን ተራራ መካከል መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጧል፣ ተሰነጣጥቋል፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻም ዶፈን በኩል እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ወጥቷል። በዚህ ጉዞ ተውት፤ ሌላ ጊዜ ከሆነም በሩ ላይ ሳትጠይቁ አትውጡ።

እንግዲህ ቅዳሜ ልክ ሲነጋ ተነሱ፤ በፀሐይ ሰዓት ሎጁ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ 10 ሰዓት ላይ ሜዳውን፣ ሲመሽ የዝንጀሮዎቹን ገደል። እሑድ በ12 ሰዓት እንደገና ሜዳው፣ ከቁርስ በፊት። ውሃ ለሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። ወባ ያለበት ቆላ ስለሆነ አጎበር ስለመኖሩ ሎጁን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲመሽ ልጆቹን እጅጌ ረጅም አልብሷቸው። የግራርና ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ እሾህ ጎማ ይበሳል፤ ብዙ ሰው ስኮርታ ይዞ ይሄድና ነፋስ እንደሌለው የሚያውቀው እዚያ ነው። ዓርብ ማታ አዳማ ላይ ነፋሱን አስለኩ፣ ክሪኩንም ከወንበሩ ሥር አውጥታችሁ እዩት።