የሰው ኬብል እንዳትሰካ

ወንድሜ፣ «ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ፣ የፓወር ሰፕላዬ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ባለ 8 ፒን ኬብል ግን ጠፍቶብኛል፤ የጓደኛዬን ብሰካ ችግር አለው?» ላልከው፦ አለው! ሰክተኸው ከሆነ አሁኑኑ ንቀል። እኔ በዚሁ ነገር ካርድ አቃጥያለሁ።

1. ካርዱ ላይ የሚገባው ጫፍ የትም አንድ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚገባው ግን እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች ራሱ ላይገጥሙ ይችላሉ። አንዱ 12 ቮልት ባወጣበት ቀዳዳ ሌላው ግራውንድ (ዜሮ ቮልት፣ የመመለሻው መስመር) ያደርጋል። ፕላስቲኩ ግን ቀጭ ብሎ ይገባል። የሚሸውደው እሱ ነው።

2. የሲፒዩውን (የፕሮሰሰሩን) ኬብል እንዳትነካው። እሱም ባለ 8 ፒን ነው፣ ግን 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል። የካርዱ 6 እና 2 ነው። ቮልቱና ግራውንዱ የተገለበጠ ነው።

3. ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ኬብል) የሚቀጠል አዳፕተር ቢሰጡህ እምቢ በል። አንድ የሳታ ራስ በ12 ቮልት 54 ዋት ነው የሚችለው። የአንተ ካርድ 170 ይፈልጋል፤ 75ቱን ከማዘርቦርዱ ቢያገኝ እንኳ ቀሪው ያቀልጠዋል። ባለ 8 ፒኑ ግን 150 ይችላል፣ ይበቃሃል።

4. ሻጭ አትመን። ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ የፓወር ሰፕላዬን ሞዴል ስነግረው ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከካርቶን ውስጥ አንዱን ኬብል ጎትቶ «ሁሉም አንድ ነው፣ ቻይና ነው የሚሰራው» አለኝ። አመንኩት። አራት ኪሎ ቤቴ ገብቼ ሰካሁና አበራሁ። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረና ቆመ። እናቴ ከጓዳ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። ስድስት ወር ያጠራቀምኩበት ካርድ ነበር የሚሸተው።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ያቃጠለብህ» አይለኝም! ለነገሩ የዚያን ቀን መብራት አልሄደም ነበር፤ ስንት ቀን አንዴ በማይሄድበት ቀን! ስከራከረው ግድግዳው ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። ሻይ እየጠጣ።

ነገሩን የገለጠልኝ ሜክሲኮ ያለ አንድ ጠጋኝ ነው። ኬብሉን ካርድ ላይ ሳይሰካ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካው። ግራውንድ መሆን ባለበት ቦታ 12 ቮልት! ለምርመራው ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም። በሳምንቱ ቴስተር ገዛሁ። ዛሬ የሰፈር ልጅ ፒሲ ሲገጥም እኔ ሳልለካለት አያበራም።

አንተ ኬብል ልትገዛ ስትሄድ ፓወር ሰፕላዩን ፈትተህ ራሱን ተሸክመህ ሂድ። ይከብዳል፣ ግን ተሸከመው። ጎኑ ላይ ያለው ስቲከር ላይ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩ አለ፤ ለእሱ ተብሎ የተሰራ ኬብል ካላገኘህ፣ ኬብሎቹ ያልጎደሉበት ሌላ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ይሻልሃል። የስቲከሩን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝና አብረን እናያለን።