ብሬስ፣ ፍንጭትና የጠየመ ጥርስ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጥርስ ማስተካከልና ስለ ብሬስ (ጥርስ ላይ ተለጥፎ በሽቦ ቀስ በቀስ ስለሚያቃናው ማሰሪያ) የሚጽፉልኝ ሰዎች እየበዙ ስለመጡ የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ጥድፊያን ነው፤ ከሠርግ በፊት፣ ከጉዞ በፊት፣ ትምህርት ሳይከፈት ይለቅልን የሚሉ ብዙ ናቸው። ጥርስ የሚጓዘው በአጥንት ውስጥ ነውና የአጥንቱን ፍጥነት ማክበር የግድ ነው።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። የላይ የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው ወደ ውጭ ወጥተዋል። ልጅ ሳለሁ "ገጣጣ" እየተባልኩ ስላደግሁ እስከ ዛሬ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ፤ ጓደኞቼ ግን "ብሬስ የልጅ ነው፣ አንቺ አልፎብሻል" ይሉኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አላለፈብሽም እህቴ። ጥርስ እንደ ምስማር አጥንት ላይ የተመታ አይደለም። በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል ስስ የጅማት ሽፋን አለ። ብሬሱ ጥርሱን በቀስታ ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ መንገድ ይለቃል፤ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት እየሠራ ይሞላል። ይህ በ14 ዓመት ልጅም በ50 ዓመት ሰውም ይሆናል። ልዩነቱ የአዋቂ ሰው መንጋጋ እድገቱን መጨረሱ ነው። በልጅነት ከእድገት ጋር ሊስተካከል ይችል የነበረ የመንጋጋ መበላለጥ፣ በአዋቂነት ጥርስ ማስነቀል፣ ከባድ ሲሆንም ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

ጥርስ በወር የሚጓዘው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንዳንቺ ያለ ጥርስ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር የሚፈጀው ለዚህ ነው። "በጥቂት ወር እጨርስልሻለሁ" የሚልሽ ካለ፣ የትኛውን ጥርስ ወዴት እንደሚወስድ በዝርዝር ይንገርሽ። ከመጠን በላይ በኃይል የተገፋ ጥርስ ሥሩ ሊያጥር ይችላል፤ ያጠረ ሥር ደግሞ ተመልሶ አያድግም።

እኔን ከዕድሜሽ በላይ የሚያሳስበኝ ድድሽ ነው። ስትቦርሺ ይደማል? የሚነቃነቅ ጥርስ አለሽ? ካለሽ መጀመሪያ የጥርስ እጥበትና የድድ ሕክምና ይቅደም። በታመመ ድድ ላይ ብሬስ ማሰር ጥርሱን የያዘውን አጥንት ያሳጣል። ሐኪሙ ድድሽን ሳይመረምር፣ ራጅ ሳያስነሳና የጥርስሽን ልክ ሳይወስድ ብሬስ ልሰርልሽ ካለ ተነሥተሽ ውጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅን በመልኩ ስም አውጥቶ መጥራት በደል ነው፣ የበደሉሽም እነሱ ናቸው። ብሬሱ እስኪፈታ ሁለት ዓመት አፍሽን ሸፍነሽ አትጠብቂ። ከነብረቱም ሳቂ።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ የወተት ጥርሶቹ ወድቀው አዲሶቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ተራርቀውና ወደ ጎን ተከፍተው በቀሉ። አሁኑኑ ብሬስ ላሳስርለት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይቸኩሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ክፍተት በአብዛኛው ልጅ ክራንቻዎቹ 11 እና 12 ዓመት አካባቢ ሲወጡ በራሱ ይጠባል። ለማንኛውም አንድ ጊዜ ለሐኪም ማሳየቱ ጥሩ ነው፤ በ7 ዓመት ገደማ ማሳየት የሚመከር ነገር ነው። ሲነክስ የላይ ጥርሶቹ ከታችኞቹ ኋላ የሚገቡ ከሆነ፣ አፉን ሲገጥም አገጩ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ ወይም እስካሁን ጣቱን የሚጠባ ከሆነ ግን ቀጠሮውን አያቆዩት። የተበላ የወተት መንጋጋ ካለውም "ይወድቅ የለ" ብለው አይተዉት። ያለጊዜው የተነቀለ የወተት መንጋጋ ቦታውን ጎረቤቱ ስለሚይዝበት በሥሩ የሚመጣው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣል።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ እንደ እናቴ ፍንጭት ናት። እኔ ውበቷ ነው እላለሁ፤ እዚህ ያለው የጥርስ ሐኪም ግን ይዘጋላት አለ። እሷ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አይታ ሁለቱን ጥርሶች በላስቲክ አስራ መተኛት ጀምራለች። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ላስቲኩን ያስወልቁ። ጥርስ ወደ ሥሩ እየጠበበ ስለሚሄድ ላስቲኩ እየተንሸራተተ ድድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ጥርሱን የያዘውን ጅማትና አጥንት እያጠፋ ይወርዳል። ጤነኛ የፊት ጥርሶቻቸውን በዚህ መንገድ ያጡ ልጆች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ላስቲክ ድድ ውስጥ ጠፍቶባት ከሆነ፣ ባያማትም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።

ፍንጭቱን በተመለከተ፣ ድዷ ጤነኛ ከሆነና ስትነክስ ጥርሶቿ በደንብ የሚገጥሙ ከሆነ መዝጋት የጤና ግዴታ አይደለም። ይዘጋ ማለት የሐኪሙ ምርጫ ነው፣ ይቆይ ማለትም የእርስዎ፤ እኔ ግን የልጅቷን ቃል ብጠብቅ እመርጣለሁ። ስለ አያቷ ፍንጭት ይንገሯት፣ ፎቶዋን ያሳዩዋት፣ ከዚያ ራሷ ትወስን። ልዝጋው ካለች፣ የተዘጋ ፍንጭት ተመልሶ መከፈት እንደሚወድ ትወቅ። ብዙ ጊዜ ከጥርሶቹ ጀርባ ቀጭን ሽቦ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የላይኛውን ከንፈር ከድድ የሚያያይዘው ጅማት ወፍራም ከሆነም ትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ሐኪም ሳያያችሁ በፖስታ የሚላክ ግልጽ የፕላስቲክ ማስተካከያ ርካሽ መስሎ ይታያል። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲዘጋ፣ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞቹ መሐል መንገድ ላይ ቀርተዋል። ፊት ለፊት ቀጠሮ የሚሰጥ ሐኪም ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ዝዋይ ነው። ጥርሶቼ ቡናማ ናቸው፣ ትንሽም ተዛንፈዋል። ብሬስ ባስር ይነጣሉ? በከሰል ብፈትጋቸውስ? (ከባቱ)

መልስ፦ ብሬስ ያቃናል እንጂ አያነጣም። የጥርስህን ቀለም ያመጣው ውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች፣ በዝዋይ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አልቦረሸም ብሎ የሚነቅፍህ ሰው ካለ ተሳስቷል። አንተ ያደረግኸው አንዳች ጥፋት የለም።

ከሰል፣ አመድና ሎሚ ተዋቸው። የላይኛውን ሽፋን ይፍቃሉ፣ ቡናማው ግን ከውስጥም ስላለ አይለቅም። ቀለሙ ቀላል ከሆነ ሐኪም ላዩን በስሱ ፍቆ ወይም በመድኃኒት አንጥቶ ያሻሽለዋል፤ ከበድ ካለ የጥርስ መልክ ባለው መሙያ ወይም በስስ ሽፋን ይለበጣል። ቅደም ተከተሉን አደራ፦ መጀመሪያ ማቃናት፣ ከዚያ ማንጣት ወይም መለበጥ። ፍሎራይድ ያጠቃው ጥርስ ላይ የብሬሱ ማጣበቂያ እንደ ሌላው አጥብቆ ስለማይዝ፣ ለሐኪሙ የት እንዳደግህ አስቀድመህ ንገረው።

ታናናሾች ወይም ልጆች ካሉህ ደግሞ የሚጠጡት ውኃ ያሳስበኛል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ቢያንስ ለሕፃናቱ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ወይም በአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳ አጥንት በሚሠራ ማጣሪያ) የተጣራ ውኃ ይገኝላቸው።

ጥያቄ፦ ከ3 ወር በኋላ ለሥራ ወደ ዱባይ እሄዳለሁ። እዚህ ስለሚረክስ ብሬስ አስሬ ብሄድስ? (ከደሴ)

መልስ፦ እባክሽ አታድርጊው። ብሬስ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ሐኪም ካላየው አደጋ ነው። ሽቦው ተጠምዞ ጥርሱን ወዳልታሰበ ቦታ ይገፋል፣ የተነቀለው ብራኬት (ጥርሱ ላይ የተለጠፈው ሽቦ ያዥ) ጉንጭ ይቆርጣል፣ በዙሪያው የተጠራቀመው ምግብ ጥርሱን ያበላሸዋል። ሰው ቤት የምትሠሪ ከሆነ ለቀጠሮ መውጣቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ ይልቅ ቀድመውሽ የሄዱት እህቶች ያውቁታል። በነዚህ 3 ወራት የተበላውን አስሞዪ፣ ጥርስሽን አሳጥቢ፣ ሪፖርቱንና ራጁን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ያዢ። ብሬሱን ተረጋግተሽ በምትኖሪበት ጊዜ ታስሪዋለሽ።

ጥያቄ፦ ብሬስ አስሬ ቆሎ መብላት እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሸንኮራ አገዳ ይቅሩብሽ፤ ብራኬት ይነቅላሉ። ሥጋ ትንንሽ አድርገሽ ቁረጪ። ጥርስ መሰል ቀለም ያለው ብሬስ ካሰርሽ እርድ የበዛበት አልጫ ሽቦውን የሚይዘውን ላስቲክ ቢጫ ያደርገዋል፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ስለሚቀየር አትደንግጪ። መፋቂያ የምትወጂ ከሆነ ከሽቦው ሥር ስለማይደርስ ለስላሳ ብሩሽ ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ብሬሴ ከተፈታ ሁለት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ የሚደረገውን ፕላስቲክ ከ6 ወር በኋላ ተውኩት። አሁን የታች ጥርሶቼ መደራረብ ጀምረዋል። የጥበብ ጥርሴ ነው የገፋቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጥበብ ጥርስ ሁልጊዜ ይወቀሳል፣ የፊት ጥርስን ለማጣመም ግን ተጠያቂ መሆኑን ጥናቶች አላረጋገጡም። ጥርስ ከቆየበት ቦታ ሲነሣ ድድ ውስጥ ያሉት ጅማቶች ወደ ቀድሞው ይጎትቱታል። በዕድሜ ብዛትም ብሬስ አስሮ የማያውቅ ሰው የታች ጥርስ እንኳ እየተጠጋጋ ይሄዳል። ማታ የሚደረገው ሪቴይነር፣ ጥርሱ እንዲቆይ በተፈለገበት ዘመን ሁሉ የሚደረግ ነው። አሮጌውን አውጣና ሞክረው፤ ትንሽ ጨምቆ ከገባ ዛሬ ማታ ጀምር። ካልገባ በግድ አትጫነው። ሐኪምህ አዲስ ልክ ይውሰድልህ፤ በጊዜ ከተደረሰበት ሙሉ ብሬስ ሳያስፈልግህ በጥቂት ወራት ሊስተካከል ይችላል።