ካያክ፣ የባሕር ውኃና «ውኃ አይገባውም» የተባለ ዕቃ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስልኬ አይፒ68 ነው (አቧራና ውኃ የመቋቋም ደረጃ)። አቡዳቢ ማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ደን) ውስጥ ካያክ (ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ስቀዝፍ ያለ ከረጢት ልያዘው?

መልስ፦ አይያዙት። ደረጃው የሚፈተነው አዲስ ዕቃ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ተደርጎ ነው። የመጨረሻው ቁጥር 7 ከሆነ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ማለት ነው፤ 8 ከሆነ ከዚያ የከበደ ፈተና ነው፣ ጥልቀቱን አምራቹ ይወስናል። ስለ ጨው አንዱም አይናገርም።

ጥያቄ፦ ውኃው ካልገባ ጨው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ከውጭ ይበላዋል። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ አቡዳቢ ያለችበት የባሕረ ሰላጤው ደግሞ ከ40 ያልፋል፤ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። የቻርጅ ነጥቦቹ ላይ ቮልቴጅ ካለ በእርጥበቱ በኩል የኤሌክትሪክ ጅረት ይሄዳል፣ ብረቱም ይሟሟል። ሲደርቅ የሚቀረው የጨው ቅንጣት የድምፅ ማጉያውን ወንፊት ይደፍናል፣ በአዝራሮቹ ሥር ይሰበሰባል። ክፉው ግን ከማሸጊያው ጎማ ሥር ሲገባ ነው፤ ጎማው በትክክል አይገጥምምና ውኃው የሚገባው በሚቀጥለው ጉዞ ነው። በሙቀት አገር ይህ ሁሉ ቤት ሳይደርሱ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ እንደወጣሁ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳይደርቅ ያጥቡት። የመገናኛ ሬዲዮና ጂፒኤስ (ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ) ከሆነ አጥፍተው፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ ለብ ባለ የቧንቧ ውኃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ 10 ደቂቃ ይንከሩት፤ አዝራሮቹን ደጋግመው ይጫኑ፣ ውኃውን ቀይረው ይድገሙት። ስልክ ግን አይነከርም፤ በቀስታ በሚወርድ ውኃ ይታጠብ። በኃይል የሚረጭ ውኃ ሌላ ፈተና ነው፣ 7 ወይም 8 መሆኑ ለእሱ ዋስትና አይሰጥም። ከዚያ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ በነፋስ ይድረቅ። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጨውን አያወጣም፣ አቧራውን ይጨምራል። እርጥብ ሳለ ፈጽሞ ቻርጅ አያድርጉ፤ ብዙ ስልክ የሚሞተው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የቪኤችኤፍ (የባሕር መገናኛ) ሬዲዮዬ የቻርጅ ነጥቦች አረንጓዴ ሆኑ።

መልስ፦ ባትሪውን ያውጡ፣ በጥጥ ኮምጣጤ ነክተው ይጥረጉ፣ በንጹሕ ውኃ ያጥቡ፣ ያድርቁ። ብረቱ ተቦርቡሮ ከሆነ ይቀየር። ከመውጣትዎ በፊት ሬዲዮውን ይፈትሹ፣ ግን በቻናል 16 አይደለም፤ እሱ ለአደጋና ለመጠሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ክዳኑን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት ቅባት ልቀባው?

መልስ፦ በጣም ስስ አድርገው። ቀለበቱ ራሱ ሲሊኮን ከሆነ የሲሊኮን ግሪስ ያሳብጠዋል፤ አምራቹ ያዘዘውን ብቻ ይጠቀሙ። አንዲት ፀጉር ወይም አሸዋ ቅባቱን ከንቱ ታደርገዋለች።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ላይ የጋለ ስልክ ውኃ ውስጥ ቢወድቅስ?

መልስ፦ ውስጡ ያለው አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ውኃ በስንጥቁ ይስባል። ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ደግሞም እርጥብ ስክሪን ጣትዎን አይሰማም፤ ለአደጋ ጥሪ አዝራር ያለው ሬዲዮ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጣና ላይስ?

መልስ፦ ጣና ጨው የለበትም፤ ጭቃውን ማጠብ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የስልክ ከረጢት እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ ሶፍት ብቻ ውስጡ አድርገው ይዝጉት፣ ባልዲ ውስጥ 30 ደቂቃ በድንጋይ ይጫኑት። ሶፍቱ ከረጠበ ይጣል። ሁልጊዜ የሚከፈተው ማጠፊያው ነው ቀድሞ የሚደክመው፤ ስለዚህ በየወሩ ይድገሙት።